ለአንድ በሬ የቀረ ፈተና

ይሄይስ በአቶ ክንፈሚካኤል የጭነት መኪና ላይ ሰባት ዓመት ረዳት ነበር። ዳገት ላይ መኪናው ሲያቃስት ዘሎ ወርዶ ጎማ ሥር ታኮ የሚሸጉጥ እሱ፣ ከጭነቱ አናት ላይ ዝናብ የሚወርድበት እሱ፣ ጆንያ ተቀደደ ሲባል የሚሰደብም እሱ። የቀድሞ የቅኔ ተማሪ ነውና የመንገዱን ሕግ መጽሐፍ እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞታል። በ1961 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ አቶ ክንፈሚካኤል ጠሩትና፣ «ሾፌሩ ለጥምቀት ይለቀኛል። እስከዚያ መንጃ ፈቃድ ካወጣህ መሪው ያንተ ነው፤ ካላወጣህ ሌላ አስመጣለሁ» አሉት። ፈታኞቹ ፍኖተ ሰላም የሚመጡት በስድስት ወር አንዴ ነው። የይሄይስ የሕግ ፈተና ለሐሙስ ጧት ተቀጠረ።

ጥፋቱ ምን መሰላችሁ? ማክሰኞ ዕለት የእናቱን ምርቃት ሊቀበል ጅጋ አጠገብ ወዳለው አገሩ ጎራ ማለቱ! ረቡዕ በማለዳ ተለፈፈ፤ አቶ ክንፈሚካኤል እዚያው ባላቸው ርስት ላይ የሚያውሉት በሬ ከግጦሽ ተሰርቋልና ወንድ የተባለ ሁሉ አውጫጭኝ ይውጣ ተባለ። አውጫጭኝ የተቀመጠ ሰው፣ ሌባው በስውር እስኪጠቆም ድረስ ከሜዳው ንቅንቅ አይልም። ጥሎ የሄደ ይቀጣል። ከቅጣቱ የሚብሰው ደግሞ ስሙ ነው።

ይሄይስ ከአጥቢያው ዳኛ ከሃይለ ሚካኤል እግር ሥር ወደቀ። «አባቴ፣ ነገ ፈተና አለብኝ። ለዛሬ ይልቀቁኝ፣ ነገ ማታ እመለሳለሁ፤ እናቴን ዋስ እጠራለሁ።»

«ይህ ሁሉ ሰው አውድማውን ጥሎ የመጣው ሥራ አጥቶ ነው?» አሉት ዳኛው። «ተቀመጥ!»

ሹልክ ሊል አስቦ ነበር። ስንቅ ይዘው የመጡት እናቱ ወይዘሮ አቻምየለሽ ግን ዓይኑን አይተው ገባቸው። «ልጄ፣ ከሄድክ እኔ የሌባ እናት ሆኜ ልቀር ነው» አሉት። በቃ፣ ተቀመጠ። ሐሙስም መጣ፣ ሐሙስም ሄደ። ያን ሁሉ ምዕራፍ የያዘ ሰው ሣር ሲነጭ ዋለ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሬው እየተጎማለለ መጣ። ወይ ጉድ! የአቶ ክንፈሚካኤል የገዛ አማች፣ የሌላ አጥቢያው ሰው፣ ሳይናገር ለውቂያ ወስዶት ኖሯል! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሦስት መቶ ወንድ ሦስት ቀን ጠሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ «ይቅርታ» ያለ አንድ አፍ አልተገኘም። ዳኛው ብቻ፣ «እሰይ፣ አገራችን ሌባ የላትም» ብለው ጋቢያቸውን አራግፈው ሄዱ።

ሰኞ ይሄይስ ፍኖተ ሰላም ገብቶ ከጸሐፊው ከገብረሰንበት ፊት ቆመ።

«በቀጠሮህ አልቀረብክም» አለ ጸሐፊው ቀና ሳይል።

«አውጫጭኝ ላይ ነበርኩ፣ ጌታው።»

«ማን ያውቅልሃል? የአጥቢያ ዳኛ እንደሆነ ለሁሉ ይጽፋል። ፈታኞቹ እስከ ረቡዕ አሉ። የበሬው ባለቤት፣ ‹በሬዬ ጠፍቶ አውጫጭኝ አስወጥቼ ነበር፤ ይህም ሰው እዚያ ነበር› ብሎ ይፈርምና አምጣ። አለዚያ ሰኔ ተመለስ።»

ይሄይስ ደስ አለው። የበሬው ባለቤት ማን ሆነና! ጌታው አይደሉም? ቃሉን በወረቀት አስጽፎ ጌታው ቤት ቡሬ ድረስ በረረ። አቶ ክንፈሚካኤል ወረቀቱን አስነበቡና ፊታቸው ተለዋወጠ።

«በሬው ከአማቴ ቤት መገኘቱን የሰማ ሁሉ እየሳቀብኝ ነው። አሁን ደግሞ በፊርማዬ መንግሥት ቤት ላስገባው? አላደርገውም።»

«ጌታዬ፣ የሚያስፈልገኝ አንድ ፊርማ ነው።»

«ሰኔ ሩቅ አይደለም፤ ትፈተናለህ። እስከዚያ የሚመጣውን ሾፌር መንገዱን ታሳየዋለህ።»

እንግዲህ ይሄን ስሙልኝ! እሳቸው ላይ ገበያተኛ ከሚስቅ፣ የሰባት ዓመት ሎሌያቸው ቢከፋ ይሻላቸዋል። ይሄይስ ደሙ ፈላ። ከመኪናው ሥር ታኮውን መዝዞ አመጣና ከእግራቸው አጠገብ አስቀመጠው። «ለመኪናዎ ሰባት ዓመት፣ ለበሬዎ ሦስት ቀን ቆሜያለሁ። ይበቃኛል» አለና ወጣ። ጥምቀት ሲደርስ ሌላ ሰው መሪውን ጨበጠ።

እስከ ሰኔ ፍኖተ ሰላም ላይ ጆንያ ተሸከመ። ሰኔም ደረሰና ከፈታኙ ፊት ተቀመጠ። ጥያቄውን ሁሉ ከነአንቀጹ ዘረገፈው። በመጨረሻ ፈታኙ፣ «እየነዳህ ሳለ በሬ መንገድ ቢዘጋብህ ምን ታደርጋለህ?» አለው።

ይሄይስም፣ «መጽሐፉ እስኪያልፍ ቁም ይላል፤ እቆማለሁ። በሬ ሲያልፍ መቆምስ ለምጃለሁ። ለድሃ ቁሙ የሚለው አንቀጽ ግን የትኛው ገጽ ላይ ነው? ፈልጌ አጣሁት» አለ።

ፈታኙ አንገቱን ደፍቶ «አልፏል» ብሎ ጻፈ።