ባርኔጣ የያዘው ቦታ

ሽማግሌው የጭነት ደላላ ከጠዋት ጀምሮ ከጥሩወርቅ ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ፣ ከአግዳሚው ወንበር አልተነሡም። ኮታቸው ብብቱ ላይ ተቀዶ ተሰፍቷል፤ ጫማቸው ግን ተወልውሎ ያብረቀርቃል። አጠገባቸው ባርኔጣቸውን አስቀምጠዋል። ሰው ሊቀመጥ ሲል "ሰው አለው" ይላሉ።

የሚጠብቁት ከአንበሳሜ ከተማ የሚመጣውን ዋሳቸውን ነው። ከነገ ጀምሮ ያልተመዘገበ ደላላ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚሻገር ጭነት ማስጫን አይችልም። ለመመዝገብ ደግሞ የቤት ካርታ ያለው ዋስ ያስፈልጋል። ፊት ለፊት ያለው ጽሕፈት ቤት ምዝገባውን የሚዘጋው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

"ጋሼ፣ ዋስዎ ከአንበሳሜ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?" አለ ዘበኛው ከማዶ።

"ሳቅ አንተ! ለዘጠኝ ሙሽሮች የጋብቻ ዋስ ሆኜ ቆሜያለሁ። ለእኔ አንድ ሰው ይጠፋል?"

ጥሩወርቅ አንገቷን ደፋች። ለእሷም ጋብቻ ዋስ የቆሙ ሰው ነበሩ፤ መልካቸውን እንኳ አታስታውስም።

ባጃጅ በቆመ ቁጥር ሽማግሌው ኮታቸውን ይቆልፋሉ። የወረደው ሰው ሲያልፋቸው መልሰው ይፈቱታል።

ዘበኛው የብረቱን በር ጎትቶ ዘጋ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አንሥተው ራሳቸው ላይ ደፉና፣ ልጅ አዝላ የፎቶ ኮፒ ወረፋ ወደምትጠብቀው ሴት ዞሩ።

"ተቀመጪ ልጄ" አሏት፤ "ሰው የለውም።"