ስለ አህያው ከመጠየቃችሁ በፊት

የባለቤቴ የመጨረሻ ሥራ አንድ ጨዋታ ነበር። ጨዋታ ስል ገበጣ አይደለም፤ በስልክና በኮምፒዩተር የሚጫወቱት ነው። ሥዕል ይመጣል፣ ሥዕሉ ላይ አንድ ሰውዬ ቆሟል። ዛፉን በጣት ሲነኩት ሰውየው ወደ ዛፉ ይሄዳል፣ ገመዱን ሲነኩት ያነሳዋል፤ ሰው ሲነኩ ደግሞ ምን ሊባል እንደሚቻል ምርጫው ተጽፎ ይቀርባል። መሮጥ የለም፣ መተኳኮስም የለም። ማሰብና መሳቅ ብቻ ነው። ልጃችን አዲስ አበባ ሆና ከአንድ ባልደረባዋ ጋር ትሠራዋለች። ቀልዱንና ንግግሩን የሚጽፈው አባቷ ነበር።

ባለቤቴ አስጎብኚ ነበር። ላሊበላ እንግዳ በጠፋበት ዘመን ሥራ ፈትቶ ቤት ዋለ፤ ለእንግዳ ያወራው የነበረውን ወሬ ሁሉ ለዚህ ጨዋታ አዋለው። በመጀመሪያው ክፍል አንድ ችኩል ነጋዴ ኩልመስክ ገበያ ላይ አህያው ይጠፋበታል። ከመንደር መንደር እየጠየቀ ሄዶ በመጨረሻ ገነተ ማርያም ለንግሥ በመጣ ሰው እጅ ያገኘዋል፤ አህያው እሱ ዘንድ ከነበረበት ጊዜ ይልቅ ወፍሯል። ሰው ወደደው። የከተማችን ባጃጅ ነጂዎች እንኳ ተሳፋሪ ሲጠብቁ ይጫወቱት ነበር። ባለቤቴ ባጃጅ ሲሳፈር ከነጂው ስልክ የአህያ ጩኸት ከሰማ "ያ እኔ ነኝ" ይላል። ነጂው አያምነውም፤ እሱም ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ይጮህለታል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ በነጠላዬ ፊቴን እሸፍናለሁ።

ሁለተኛውን ክፍል የጻፈው ታሞ ነው። አህያው ተገኝቷል፣ ግን ወደ ጌታው ቤት አልመለስም ብሎ እምቢ ብሏል። ነጋዴው ምክር ፍለጋ ማሳው ዳር ወደተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ይሄዳል። የሽማግሌው ድምፅ የባለቤቴ ነው። እዚሁ ቤት፣ በሩን ዘግተን፣ ጋቢ ተከናንቦ ቀዳነው። በየመሐሉ ያስለዋል። ልጄ ሳሉን መቁረጥ ትችል ነበር፤ አልቆረጠችውም።

ከምርጫዎቹ መካከል ከታች "እንዴት ዋሉ አባቴ" የሚል አለ። እሱን ሳይመርጡ ስለ አህያው ቢጠይቁት ሽማግሌው ማሳውን እያየ ዝም ይላል። ሲመርጡት ግን ብድግ ብሎ እንደ ወጉ ይጠይቃል። ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ አዝመራውን፣ ዝናቡን፣ ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ ተጫዋቹም ለእያንዳንዱ ይመልሳል። የአህያው ነገር የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

"አባዬ፣ የሆነ ምልክት እንስጣቸው እንጂ፤ ላያውቁት ይችላሉ" አለችው ልጄ።

"ምልክት? ለሰላምታ?" አላት። "ይህን የማያውቅ ሰው ከሆነስ አህያው መሸሹ ልክ ነበር።"

ሦስታችንም ሳቅን። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርሁ ሴት ነኝ፤ ለአንድም ተማሪ ሽማግሌ ፊት ስትደርስ መጀመሪያ ሰላም በል ብዬ በጥቁር ሰሌዳ ጽፌ አላውቅም። ከቤቱ ይዞት ይመጣል።

ሁለተኛው ክፍል የወጣው ከባለቤቴ አርባ በኋላ ነው። ሰው የጻፈውን አስተያየት ራሴ በስልኬ አነበብሁት። ፊደል መቁጠሬን የጠላሁት ያን ቀን ነው። አንዱ "ክፍል አንድ ጨዋታ ነበር፣ ክፍል ሁለት ለቅሶ ቤት ነው" ይላል። ሌላው "ሽማግሌው ተበላሽቷል፣ አስተካክሉልን" ይላል። አንዷ "የዝናቡ ነገር ምን አገባኝ፤ አህያዬን ስጡኝ" ብላለች። ሳሉን የሰማ አንድ ሰው ደግሞ "ሳይሞት በፊት መልሱን ይንገረኝ" ብሎ የሚስቅ ፊት ደርድሮበታል።

ይህ ሰው አላወቀም፤ ይህን እረዳለሁ። ብረዳም አልማርሁትም። ለቅሶ ቤት ያለውንም ቢሆን፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ ያውቃል ወይ ልለው እፈልግ ነበር። እኛ ቤት ከገነተ ማርያም በእግራቸው የመጡ አንድ አዛውንት ተቀምጠው፣ ቃል ሳይናገሩ ብዙ ቆይተው፣ ተሳልመውኝ ሄዱ። ማንም በሰዓቱ ላይ አላፈጠጠም።

ጨዋታ እየተጫወተ የሚገመግም አንድ ጎልማሳ ደግሞ በቪዲዮ ቀርቧል። ሽማግሌው ፊት ደረሰ። ስለ አህያው ጠየቀ፣ መልስ የለም። የሽማግሌውን ዱላ ነካ። ጃንጥላውን ነካ። ኮፍያውን ነካ። ዓይኔ እያየ የባለቤቴን ፊት ነካ። ከታች ያለችውን ሰላምታ ግን ዘወር ብሎ አላያትም። "ወገኖቼ፣ ተበላሽቷል" ብሎ ዘጋው። ሰው ፊት ቆሞ ዱላውን የሚጎነትል ማን ነው? ማነው ያሳደገው?

ምናልባት እውነትም ችግር ይኖር እንደሆነ ብዬ ራሴ ከፈትሁት። ሰላም አልሁት። ብድግ አለልኝ። "ቤተሰብ ደህና?" አለ በዚያ ድምፁ። የቀረበው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ራሱ የጻፈው፣ "ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን" የሚል። ጣቴን አንሥቼ ቆየሁ። ከዚያ ስልኩን አጠፋሁት።

ልጄ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጣች። እንዲያው ለጥየቃ እንዳልመጣች ገብቶኛል።

"እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትቆጪ።"

"እቆጣለሁ። ጠይቂ።"

"ባልደረባዬ ሰላምታው ይውጣ ይላል። ካልሆነም መዝለያ ይደረግለት፤ ሲነኩት ቀጥታ ወደ አህያው የሚወስድ።"

"አባትሽስ?"

"አባዬ ከዚያ ወዲያ ስለ አህያው ይናገራል።"

"ስለ አህያው ማንም ይናገረዋል። ከብቱስ ደህና ብሎ የሚጠይቀው ነው አባትሽ።"

"ሰዉ እዚያ ቦታ ሲደርስ እየዘጋው ነው የሚወጣው። የሚጫወተው ሰው ከጠፋ አባዬን ማን ይሰማዋል?"

ሰላምታው ከወጣ ድምፁ ይቆረጣል፤ ካልወጣ ጨዋታው ይጣላል፣ ድምፁም አብሮ። በማግስቱ ባልደረባዋ ደወለ፤ እኔን ሊያግባባኝ ፈልጎ ኖሯል። ስልኩን ተቀበልኋት።

"ሃሎ እማማ፣ ስለ ሽማግሌው ጉዳይ ነበር..."

ዝም አልሁ።

"ሃሎ? ይሰማዎታል? ሃሎ?"

ዝም።

ዘግቶ እንደገና ደወለ። አሁንም ከሽማግሌው ጀመረ። አሁንም ዝም አልሁ። አጠገቡ ላለ ሰው "የላሊበላ ኔትወርክ ተበላሽቷል መሰለኝ" ሲል ሰማሁት።

"ምንም የተበላሸ ነገር የለም!" አልሁት። "የተበላሸኸው አንተ ነህ! የማን ልጅ ነህ? ባሌ ሞቶ እግዚአብሔር ያጽናዎት አይባልም? እንዴት አደሩ አይባልም? ገና ሃሎ ከማለትህ ስለ ሽማግሌው? ዝጋው! ዝጋውና እንደገና ደውል፤ ከሰላምታው ጀምር!"

ዘጋው። ትንሽ ቆይቶ ደወለ።

"እንዴት አደሩ እማማ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት አደርህ?"

"ደህና። እግዚአብሔር ያጽናዎት። ቤቱ... ጎረቤቱ ደህና? ከብቱስ ደህና ነው?"

"ከብት የለንም" አልሁት።

ልጄ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ግድግዳውን ተደግፋ በሳቅ ትንፈራፈራለች። አባቷ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም ነበር፤ እኔ ግን ደሜ ፈልቶ ነበርና አብሬያት አልሳቅሁም።

ስልኩ ሲዘጋ "እማዬ፣ መዝለያውን እናድርገው" አለችኝ።

"አንቺም ዞርሽ?"

"ስሚኝማ። እናድርገው። የነካው ሰው ላይ ግን አንቺ ምጪበት። የሽማግሌው ሚስት ከቤት ወጥታ አሁን ለዚያ ያልሽውን ትበለውና ወደ ሰላምታው ትመልሰው። ለሁለተኛ ጊዜ መዝለያ አይኖርም።"

ቲያትር አልሠራም አልኋት። "ቲያትር አይደለም" አለችና መቅረጫውን ከፍታ፣ ያን የተጻፈውን አስተያየት አውጥታ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብልኝ ጀመር። የለቅሶ ቤቱን አነበበች፤ መለስሁለት። የዝናቡን አነበበች፤ መለስሁላት። "ዝናብ ምን አገባሽ? ጤፉን ማን አጠጥቶልሽ ነው የምትበዪው?" አልሁ። የሳሉን ስታነብ ድምፅዋ ተሰበረ፤ የኔ አልተሰበረም። ለዚያኛው የመለስሁትን ሙሉውን ጨዋታው ውስጥ አላስገባችውም፤ ልጆችም ይጫወቱታል ብላ። አስመስለሽ ተቆጪ ብትለኝ አንድ ቃል አይወጣኝም ነበር።

እንግዲህ ይኸው ሆነ። መዝለያው ገባ፣ እኔም ገባሁ። ሰዉም ተመለሰ። ለምን እንደተመለሰ ሳነብ ግን እንደገና ተቃጠልሁ። ሰላም ለማለት ምንም የማይከብዳቸው ሰዎች፣ እያወቁ፣ ለመሰደብ ብለው መዝለያውን ይነኩታል! "እናትዬዋ ምርጥ ናት።" "ቀልድ ታውቃለች።" "እኔን ደግማ ትስደበኝ።" ያ ገምጋሚ እንኳ ተመልሶ መጥቶ፣ ስቆጣው ወንበሩ ላይ እየተንከባለለ ሳቀ። አንድም ቃል ለቀልድ አልተናገርሁም። እዚያ ውስጥ ያለው ሁሉ የልቤ ነው።

ለልጄ ደወልሁላት።

"በእኔ ይስቃሉ" አልኋት።

"ወደውሽ ነው፣ እማዬ።"

"መወደድ ማን ለመነ? ተቆጥቻቸው ከተመለሱ በኋላ እሱን ይሰሙታል?"

"ይሰሙታል።"

"ጎረቤቱን እስከሚጠይቅበት ድረስ?"

"እስከዚያው ድረስ። ሌላ መንገድ የላቸውም።"

"እንግዲያው ይሳቁ" አልኋት። ንዴቴ ግን አልበረደም። ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ መንገደኛውን ሁሉ ቆሞ ሰላም ብሏል። አሁን እሱን ቆመው እንዲሰሙት እኔ ከቤት ወጥቼ መጮህ ነበረብኝ?