የማዶው ሪዝ

ሰውየው የክሬን ሹፌር ነው። ታላቁ ወንዝ ላይ በብረት ገመዶች የሚንጠለጠለው የአውራ ጎዳና ድልድይ ሲሠራ፣ ወዲህኛው ምሰሶ አናት ላይ ከደመና ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ የድልድዩን ወለል ቁራጭ በቁራጭ ይሰቅላል። "ሪዛሙ" ያሉት ጓደኞቹ ናቸው። ሪዙ ከባለቤቱ ቀድሞ ሥራ ይገባል፤ ነፋስ ሲነሣማ ክሬኑን ያዞረዋል ይባላል። ሚስቱም፣ "እኔ ያገባሁት ሪዙን ነው፤ አንተ ተከትለኸው መጣህ" እያለች ታበሽቀዋለች።

ከወንዙ ማዶ ሌላ ክሬን አለ። የዚያን ክሬን ሹፌር ሪዛሙ በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ ሰማይ ላይ ውሎ የሚገባው ጀግና ውሃ ስለሚፈራ ጀልባ ላይ አይወጣም። የሚገናኙት በሬዲዮ ነው፤ ሬዲዮው ደግሞ ሕፃን ቢያለቅስበት እንኳ በሬ ያጓራ የሚያስመስል ነው።

"አንተ ማዶ! ዛሬም እያንቀላፋህ ነው?"

"ያንተ ጩኸት እያለ ማን ይተኛል!"

አንድ ቀን ተወራረዱ። የበኩሉን የመጨረሻ ቁራጭ ቀድሞ የሰቀለ፣ የተሸናፊውን ሪዝ በገዛ እጁ ይላጫል።

"የኔን ሪዝ መቼም አታገኛት!" የሚል ጉራ ከማዶ መጣ።

ሚስቱ ስትሰማ ክው አለች። "ብትሸነፍ ቤቴ እንዳትመጣ! ከሪዙ ሥር ምን እንዳለ በምን አውቃለሁ?"

ሪዛሙ ምሳውን እዚያው ክሬኑ ውስጥ እየዋጠ ሠራ፤ አሸነፈም። መካከለኛዋ ቁራጭ ገብታ ሁለቱ ዳርቻዎች በተያያዙ ማግስት፣ ሳሙናና ምላጭ ይዞ በድልድዩ ተሻገረ። ሠራተኛው ግልብጥ ብሎ ተከተለው። በጀልባ እየተሻገሩ ማዶን የሚያውቁት ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ እሱ ደስታ መሰለው።

"ዛሬ እዚህ ሪዝ ሳይላጭ አልመለስም! አንተ ማዶ፣ ውረድ!"

የክሬኑ በር ተከፈተ። አንዲት ጠና ያሉ ሴት መነጽራቸውን እየጠረጉ መሰላሉን ወረዱ።

"እማማ፣ ሹፌሩ የታለ?"

"ይኸው ወረድኩልህ፤ ና ላጨኝ፣ ልጄ" ብለው አገጫቸውን ቀና አደረጉ።

ሪዛሙ ሳሙናና ምላጩን ወደ ኋላው ደበቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ "አንተ እንቅልፋም"፣ "አንተ ቀፎ ራስ" ሲል የከረመው እናቱን የሚያህሉ ሴት ኖሯል! "እ... እርስዎ... ይቅር ይበሉኝ።"

"ስድቡን ተወው፤ እኔም አልማርኩህም። ግን ፎክረሃል። ይሄ ሁሉ ሰው ሥራውን ጥሎ የመጣው ሪዝ ሲላጭ ሊያይ ነው።"

ያ ሁሉ ዓይን ወደ አንድ ሪዝ ዞረ። ሴትዮዋ ምላጩን ተቀብለው ራሳቸው ላጩት፤ ክሬን የለመደ እጃቸው ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም።

ሚስቱ በሩን ከፍታ ስታየው ጩኸቷ ጎረቤት አወጣ።

"ኧረ ጉዴ! ለካ እናትህን ኖሯል ያገባሁት!"

እውነቷን ነው። የላይኛው ከንፈሩ ቁርጥ እናቱን ነው፤ ሚስቱ ደግሞ ከአማቷ ጋር ዓይንና ናጫ ናት። እንዳታስወጣው አዘነችለት፣ እንዳትስቅ ፈራች። ሪዙ እስኪበቅል ድረስ ግን "አንተ" ማለት አልሆንላት አለ። ራቱን አቅርባ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ "ይቅረቡ፣ እማማ" ትለዋለች።