የጋሽ ሙሄ ዱቄት

ባለፈው ሳምንት ሦስት ወጣቶች ለተፈናቃዮች እርዳታ ሊያሰባስቡ በሬን አንኳኩ። ከጦርነት ሸሽተው መካነ ሰላም የገቡ ቤተሰቦች ትምህርት ቤት ውስጥ እንዳረፉ ሰምቼ ነበር። «ምን ይበላሉ?» አልኳቸው። «ስንዴ ተሰጥቷቸዋል፣ እማማ» አለችኝ አንዷ። «የተፈጨ ነው?» ስላት ዞር ብላ ጓደኞቿን አየች። አላሰቡትም። ምን ያድርጉ፣ ስንዴ ይዞ ወፍጮ ማጣት ምን እንደሆነ የሚያውቀው የደረሰበት ነው።

እኔ ሲደርስብኝ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ቀደም ብሎ ሞቷል። ጦርነቱ ከበሽሎ ማዶ ካለው መንደራችን ሲደርስ እናቴና እኔ የአምስት ዓመት ወንድሜን ታምሩን እየተፈራረቅን አዝለን፣ ወንዙ ሳይሞላ ተሻገርን። መንገድ ላይ «እናግዛችሁ» ያሉን ሰዎች አህያችንን ከነጭነቷ ነድተው ተሰወሩ። የቀረን አንድ ጋቢና በእጄ የያዝሁት ድስት ነበር።

መካነ ሰላም ስንገባ ሰኔ ነው፤ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ከብዙ ሰዎች ጋር አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ አስጠለሉን። የእርዳታ ስንዴም ተሰፈረልን፤ የላኩልንን እግዜር ይስጣቸው፣ ያ ባይደርስ ኖሮ ማናችንም አንተርፍም ነበር። ግን ጥሬ ነው። የወፍጮ ገንዘብ ያለው ሰው የለም። ዛሬ ንፍሮ፣ ነገም ንፍሮ። በሳምንቱ የታምሩ ሆድ አልይዝ አለ። ዓይኑ ጎደጎደ፤ ስንጠራው እንኳ መዞር አቃተው።

በዚህ መሐል የከተማው ባለ ወፍጮ ጋሽ ሙሄ «ስንዴያችሁን አምጡ፣ በነፃ ልፍጭላችሁ» ብለው መልእክት ላኩልን። ጠዋት ስንዴያችንን አስረክቤ ከሰዓት በኋላ ልወስድ ተመለስሁ። ዱቄቱን በእጄ ዘግኜ ሳየው ጠቆር ብሏል፤ ሽታውም የስንዴ አይደለም። የአህያችን ነገር መጣብኝ፤ ደሜ ፈላ።

«ስንዴያችንን ለውጠውብናል!» ብዬ ጮኽሁ።

ሞተሩ ያጓራል። ቅንድባቸው በዱቄት የነጣው ጋሽ ሙሄ እጃቸውን ከጆሯቸው አድርገው ዘንበል አሉልኝ። አልሰማ ሲላቸው ሄደው ወፍጮውን አጠፉት።

«አሁን ንገሪኝ፣ ልጄ» አሉ።

ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ደገምሁት፤ ይባስ ብዬም «በስደተኛ ላይ እንዲህ ይሠራል?» ብዬ ጨመርሁበት።

የመለሱልኝ በጓሮ በር የገቡት ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ናቸው። «ወላሂ አልተለወጠብሽም! የሸተተሽ ባቄላ ነው። ልጆቹ በስንዴ ብቻ አቅም አያገኙም ብሎ፣ ለዘር ያስቀመጥነውን አስቆልቶ ከሁላችሁም ስንዴ ጋር ቀላቀለው።»

«ተይ እንጂ ዘሀራ፣ ምን አስወራሽ!» አሏቸው ጋሽ ሙሄ፣ ሐፍረት ይዟቸው።

በሰኔ ለዘር የተቀመጠ እህል ምን ማለት እንደሆነ የገበሬ ልጅ አይጠፋትም። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ትከሻዬን ይዘው አነሡኝ።

«መንገድ ላይ ያያችሁትን አላህ ያውቃል» አሉ። «እኔን የሚከፋኝ ቅር ብሎሽ፣ ዝም ብለሽ ብትሄጂ ነበር።» ይህን ብለው ሞተሩን ሊያስነሡ ጎንበስ አሉ።

እናቴ በዚያ ዱቄት አጥሚት ሠራች። የመጀመሪያ ቀን ታምሩ ሦስት ማንኪያ ያህል ቀመሰ። በአራተኛው ቀን «ሌላ የለም?» ሲል እናቴ ፊቷን አዙራ አለቀሰች። እኔ እትዬ ዘሀራ ቤት ባቄላ ስቆላ ከረምሁ፤ ያን ክፉ ቃሌን አንድም ቀን አላነሡብኝም።

ሰላም ሲወርድ እናቴ ወደ ቀዬዋ ተመለሰች፤ እኔ እዚሁ ትዳር ይዤ ቀረሁ። ታምሩ ወግዲ ወረዳ አስተማሪ ነው፤ ሽበት ጀማምሮታል። ጋሽ ሙሄ ካረፉ ቆይተዋል። ወንድሜን ስላተረፉልኝ አመሰግናቸዋለሁ፤ እያደር የገባኝ ግን ለራሴ የዋሉልኝ ውለታ ነው። ያን ጊዜ ሰው ማመን ትቼ ነበር። ሥራቸውን አቁመው ስድቤን ባይሰሙ፣ ሰምተውም ይቅር ባይሉኝ፣ በዚህች ከተማ ከጎረቤት ጋር ተማምኜ ይህን ሁሉ ዘመን የምኖር አይመስለኝም። ሳስታውሳቸው «አላህ ይዘንላቸው» እላለሁ። ክርስቲያን ብሆንም በእሳቸው አፍ ልመርቃቸው ደስ ይለኛል።