የአሥራ አንድ ሰከንድ ጓንት

ወጌሻዋ ልጅቷን በትከሻዋ ገፍታ ከመልበሻ ክፍል አስወጣቻትና በሩን ፊቷ ላይ ጠረቀመችው። ከውስጥ የአምበሏ ጩኸት ይሰማል። መሃል መሃሉ ላይ ስድብ አለበት፤ የምትሰደበው ደግሞ እሷው ናት።

«ያቺን ልጅ እንዳታስገቡብኝ!»

ያቺ ልጅ የቡድኑ ተጠባባቂ በረኛ ናት። ስትወረወር አጥንት ያላት አትመስልም ብለው «ላስቲክ» ይሏታል። ጠዋት ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ ስትተክል ታረፍድና ከሰዓት ልምምድ ትመጣለች። ዓመቱን ሙሉ የተሰለፈችው ሦስት ጨዋታ ብቻ ነው። ግን አንዴ ፍጹም ቅጣት ምት ስታድን ወንድሟ ቀርጾ ለቀቀውና አርባ ሺህ ሰው ይከተላት ጀመር። አግዳሚ ወንበር ላይ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ስልኳ ላይ ግን ሰው ነች።

ወጌሻዋ አንድ ዘዴ አላት። ፋሻ የምትጠቀልለው የታመመውን እግር አይደለም፣ ደህነኛውን ነው። ተጋጣሚ ፋሻ ያየበትን እግር ፈልጎ ይመታል፣ የታመመው ይተርፋል። ዛሬም የአምበሏ ቀኝ ጉልበት ነበር ያበጠው፤ ፋሻው ግን ግራው ላይ።

መልበሻ ክፍል ሲገባ ሁሉም ስልኩን በር ላይ ያለው ቅርጫት ውስጥ ይጥላል። ላስቲክ የጣለችው ድሮ የሞተ ስልኳን ነው። የሚሠራውን ካልሲዋ ውስጥ ሸጉጣ ገባች። ጨዋታው ሊጀመር ትንሽ ሲቀረው ጥግ ይዛ አዲሱን ጓንቷን ቀርጻ ለቀቀችው። አሥራ አንድ ሰከንድ። እሷ ያየችው ጓንቱን ብቻ ነው። ከጓንቱ ጀርባ አምበሏ ቀኝ ጉልበቷ ላይ በረዶ ይዛ ተቀምጣለች፣ ወጌሻዋ ግራውን እየጠቀለለች «ዛሬም ይቺኑ ይምቱልን» ስትል ጥርት ብሎ ይሰማል።

በሃያኛው ደቂቃ የተጋጣሚ ተከላካይ ኳሷንም ፋሻውንም ትታ ቀኙን መታች።

አሁን ጨዋታው አልቋል፣ ተጫዋቾቹ በኮሪደሩ እያለፉ ነው። የግራ ተመላላሿ ላስቲክ ጆሮ ስር ጠጋ አለች።

«ለተከታዮችሽ ሰላም በይልን እሺ? ጉልበቷንም ላይክ ያድርጉላት።»

አሰልጣኙ እጁን ዘረጋ። «ስልክሽን።»

«ኮች፣ ቅርጫቱ ውስጥ ነው።» አፏ ቀደማት።

«እዚያ ያለውማ ሬሳ ነው!» ብሎ ትቷት ሄደ። ሊያናግራትም አልፈለገም።

ካልሲዋ ውስጥ ስልኩ ነዘረ። ወንድሟ ነው።

«እንዳታጠፊው! መቶ ሺህ ሰው አየው እኮ!»

«የሰው ጉልበት ነው፣ አንተ!»

«አንቺ መታሻት? ምን አገባሽ!»

ዘጋችበትና ቪዲዮውን አጠፋችው። ምን ዋጋ አለው፣ የተጋጣሚ ደጋፊዎች ቀድመው ወስደውታል። የአምበሏን ጉልበት በቀይ ከበው ከሥሩ «ላስቲክዬ፣ እናመሰግናለን» ብለው ጽፈዋል። የራሷ ቡድን ደጋፊዎች ደግሞ «ስንት ከፈሉሽ?» ይላሉ።

በሩን አንኳኳች። ወጌሻዋ ገርበብ አደረገችው።

«እትዬ፣ በፈጠረዎት፣ ይቅርታ ልበላት።»

«ለእሷ ነው ወይስ ለአርባ ሺሁ?»

«ለእሷ።»

«እንግዲያው እሱን እቃሽን ውጪ ተይው።»

ስልኩን መሬት ላይ አስቀምጣ ገባች። አምበሏ ቀና ብላ አላየቻትም።

«የሞተ ስልክ የምትጥይው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት... ሁለት ወር።»

«ሁለት ወር ሙሉ አጠገብሽ ልብሴን ስቀይር...» አልጨረሰችውም። «ውጪልኝ።»

«ሌላ ምንም አልቀረጽኩም፣ እናቴ ትሙት!»

«ውጪ አልኩሽ!»

ወጣች። ትንሽ ቆይቶ አምበሏን ደግፈው ወደ ሐኪም ቤት ወሰዷት። ቀኝ እግሯ መሬት አልነካም። ላስቲክን ተከተይን ያላት የለም።

ነገ ልምምድ አለ። ትሂድ ትቅር፣ ያ ጉልበት ይዳን አይዳን፣ ምኑንም አታውቅም።