በጋቢ ሥር የሚጮኸው ኮምፒውተር

ከሚሴ ላይ ሬዲዮ ጥገና ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን መጀመሪያ የተሰጠኝ መሣሪያ መጥረጊያ ነበር። የቤቱ ጌታ ጋሽ መሐመድ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ "ከጨፋ የሚመጣ ሬዲዮ ግማሹ አቧራ ነው፤ መጀመሪያ አቧራውን ተማር" አሉኝ። ተማርኩ።

በቤቱ ማዕረግ ነበር። ጠራጊ ካቻቢት አይነካም። ፈቺ ይፈታል እንጂ አይበይድም። ካውያ የሚይዘው በያጅ ነው፤ ቴስተሩን የሚነኩት ጋሽ መሐመድ ብቻ ናቸው። ከጠራጊነት ወደ ፈቺነት ያደግሁት በችሎታዬ አይደለም፤ ፈቺው አግብቶ ደሴ ስለገባ ነው። በያጅ የሆንኩትም በያጁ ባጃጅ ስለገዛ ነው። ቴስተሩን የወረስኩት ጋሽ መሐመድ ሲሞቱ ነው፤ አላህ ይዘንላቸው። እኔ በሙሉ ማዕረግ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ግን ሬዲዮ የሚያስጠግን ሰው አልቆ ነበር። ሁሉም ስልክ ይዟል። ቴስተሬን ከፊቴ አስቀምጬ የስልክ ቻርጀር መሸጥ ጀመርኩ።

ሐጂ ይመር የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። ሐጂ የከብት ደላላ ናቸው፤ ሰኞ ባቲ ይውላሉ፣ ሌላውን ቀን ከሚሴ። በሬ ገና ከሩቅ ሲነዳ ኪሎውን በመናገር የታወቁ ነበሩ። ከፌስታል ውስጥ ጥቁር ነገር አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።

"ሰዒድ፣ አካም ጅርታ? ይሄ ምንድን ነው?"

"የእርስዎ ዕቃ አይደለም እንዴ፣ ሐጂ?"

"የእኔማ የእኔ ነው። የተወልኝ ሰውዬ ነው ምን እንደሆነ ያልነገረኝ።"

ሰውዬው ድሮ ለአንድ ፕሮጀክት ከብት ሲያክም የነበረ ሐኪም ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ ለማስታወሻ ሰጥቷቸው ሄደ። ዕቃው የኪስ ኮምፒውተር ነበር፤ የፊደልና የቁጥር ቁልፎች፣ አንድ መስመር ብቻ የምታሳይ ጠባብ መስኮት። እንዲህ ዓይነቱን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ይህን ግን ለደንበኛ አይነግሩም።

ስፈታው ባትሪው ፈስሶ መዳብ የተባለውን ሁሉ አረንጓዴ አድርጎታል። በሎሚ ፈተግሁት፣ በአልኮል አጠብኩት፣ የተበላችውን ሽቦ በአዲስ በየድኩ። ባትሪ ከሰዓት ሻጭ ገዛሁ። ስጭነው መስኮቷ ላይ አንዲት ምልክት ብልጭ ብልጭ አለች። ከሬዲዮ ዘመን ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። መመሪያውን ከስልኬ አውርጄ፣ ቤዚክ የሚባለውን ቋንቋውን በፊደል ቆጠራ ደረጃ ተማርኩ። ባትሪው ከወጣ ያስተማሩትን ሁሉ ይረሳል፤ በዚህ ከእኔ የተማሪነት ዘመን ብዙም አይለይም።

"ከብት ይመዝናል?" አሉኝ ሐጂ ሊወስዱት ሲመጡ።

"የደረቱን ዙሪያና የጀርባውን ርዝመት ከነገሩት ይገምታል።"

ወደ በሩ ዞር አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ኢጂ ኮ ሂን አርጉ። ዓይኔ አያይም፣ ሰዒድ። መልኩን አያለሁ፤ ሥጋው አይታየኝም። ገበያው ካወቀ በዚያው ቀን ደላላነቴ ያበቃል። ሌላ ሥራ ደግሞ ወላሂ አላውቅም።" አዘንኩላቸው። እኔም ሥራዬ ከእጄ ያለቀብኝ ሰው ነበርኩ።

ሜትር ይያዙ ብላቸው ተቆጡ። "ሜትር የዘረጋ ደላላ ዓይኑ እንደጠፋ አወጀ ማለት ነው! እኔ ከብቱን ስደባብስ በስንዝር እለካለሁ።" ስለዚህ ፕሮግራሙን በስንዝርና በጣት ጻፍኩት። የጎረቤት ኮርማ ላይ ስንሞክረው የወይፈን ኪሎ አወጣ። ለካ የጻፍኩት በራሴ ስንዝር ነው፤ የሐጂ መዳፍ ደግሞ ከእኔው በሁለት ጣት ያህል ይበልጣል። መዳፋቸውን ለክቼ አንዲት መስመር ቀየርኩ፤ ኮርማው ኮርማ ሆነ።

መስኮቷን ስለማያነቧት መልሱን በድምፅ አደረግሁላቸው። ረጅም ጩኸት መቶ ኪሎ፣ አጭር ጩኸት ዐሥር። ቁልፎቹን በጣታቸው እንዲለዩ መሃል ባለችው ቁልፍ ላይ ጠብታ ሰም አንጠባጠብኩ። ሱቄ ያለው የደሴ መንገድ ዳር ነው፤ ሲኖትራክና ባጃጅ ሲጮህ የእኛ ዕቃ ለራሳችንም በጭንቅ ነው የሚሰማን። "ማንም አይሰማውም" ብዬ አረጋገጥኩላቸው።

ሰኞ ሥራዬን ልይ ብዬ አብሬያቸው ባቲ ወረድኩ። የባቲን ወግ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዋጋ በአፍ አይነገርም። ደላላውና ሻጩ እጅ ለእጅ ተያይዘው ጋቢ ይደረብባቸዋል፣ በጣት ይነጋገራሉ። ዙሪያውን የቆመው ሰው ደግሞ ከፊታቸው ሊያነብ ጸጥ ይላል። ይህን ጸጥታ ረስቼው ነበር።

ሐጂ የአንድ አፋር አርብቶ አደር በሬ ደባበሱ። ሰውየው ሁመድ ይባላል፣ የቆየ ደንበኛቸው ነው። ገዢው የኮምቦልቻ ነጋዴ አጠገባቸው ቆሟል። ሐጂ በቀኝ እጃቸው የሁመድን እጅ ይዘው፣ በግራቸው ጋቢው ሥር ቁልፉን ነካኩ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ዕቃው ሁለት ጊዜ ረዘም አድርጎ፣ ሰባት ጊዜ አሳጥሮ ጮኸ።

"አንተ ሐጂ፣ ምንድን ነው የሚጮኸው?" አለ ሁመድ።

"ስልክ ነው።"

"ስልክ ቆጥሮ አይጮህም። ድገመው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሐጂ ጋቢውን ራሳቸው ገፈፉት። "የበሬህ ኪሎ ነው። ሁለት መቶ ሰባ። ዓይኔ አያይም፣ ሁመድ። ይሄ ነው የሚያይልኝ።"

ሰው ሁሉ ሁመድን ያይ ጀመር። እሱ አልሳቀም።

"እስከ ዛሬ ኪሎውን ለገዢ በጆሮው ነበር የምትነግረው። ለእኔ ነግረኸኝ ታውቃለህ?"

ሁመድ ዕቃውን በጣቱ አሳየ።

"ዓይን ሳለህ የምታየው ለነሱ ነበር። ዛሬ እኔም ሰማሁ። በል እጅህን አምጣ።"

ከዚያ ወዲህ ባቲ የሚወርዱ ሻጮች ሐጂ ካላስጮኹት አንሸጥም ይላሉ። ዓይናቸው ደህና የሆነ ደላሎች ሱቄ እየመጡ እንዲህ ያለ ዕቃ ፈልግልን ይሉኛል። በቀደም ሐጂም መጡና፣ "ድምፁን ጨምርልኝ፤ ከኋላ ለቆሙት አይሰማም" አሉኝ። ድምፅ መጨመሪያ እንደሌለው ነገርኳቸው። "አንተ አይደለህ እንዴ ያስተማርከው? አስተምረዋ!" ብለው ተቆጡ። ሁለት ጊዜ እንዲደግም አስተማርኩት።

ለወጣት ጠጋኞች የምለው ይህ ነው፦ ዕቃን በሚሠራበት ቦታ ሳትሞክሩ ሠርቷል አትበሉ። እኔ ባቲ ላይ አልሞከርኩም። ሞክሬ ቢሆን ድምፁን አጠፋው ነበር፤ ሐጂ ይመርም ዛሬ ድረስ ዓይናቸውን እንደደበቁ ይኖሩ ነበር።