ክልክል የተባሉት መጻሕፍት

ወንድሜ ቁልፍ ቀራጭ ነው። ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ሱቅ አለችው፤ እዚያ ተቀምጦ ሞረዱን ሲያፋጭ ይውላል። ደንበኛ ሲጠፋ ያነባል፤ ደንበኛ ሲመጣም ገጹን ሳይጨርስ ቀና አይልም። በዚህ የተነሳ ስንቱ ተቆጥቶ ሄዷል!

ንባብን የለመደው በስርቆት ነው። ልጆች ሳለን አባታችን "መጽሐፍ ሆድ አይሞላም" ብሎ መጻሕፍቱን ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። እሱ ደግሞ ሽቦ አጣሞ ቁልፍ ሠራ። ሙያውንም የንባብ ፍቅሩንም ያገኘው ያኔ ነው፤ ዱላውም አልቀረበትም። እኔ ታናሽ እህቱ በር ላይ ቆሜ አባታችን ሲመጣ እሰልልለት ነበር።

ሴት ልጁ ሰባት ዓመት ሲሆናት ፊደል ለየች። ከዚያ በኋላማ ማን ያስቆማት! የሳሙና መጠቅለያ፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ ያየችውን ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች። ወንድሜ ደስ ሊለው ሲገባ አጉል ብልጠት መጣበት።

"ሰው አጥብቆ የሚወደው የከለከሉትን ነው፤ እኔን እዪኝ!" አለኝ። አሥራ አራት የልጆች መጻሕፍት ገዝቶ የብረት ሣጥን ውስጥ ቆለፈባቸው። ልጅቷንም ጠርቶ "ይህን ሣጥን ከነካሽ ተጣላን!" አላት። ቁልፉን ግን እጇ በሚደርስበት ሚስማር ላይ ሰቀለው። መክፈቷን ለማወቅ ክዳኑ ላይ ቀጭን ክር አስሮ በየቀኑ ይፈትሻል።

ክሩ ወይ ፍንክች።

"ወንድም ጋሼ፣ ልጅቷ እንዳንተ ሌባ አይደለችም። ክፈትላት" አልኩት።

"ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች! ታገሺ፣ ትሰርቃለች።"

ሚስቱም ለመነችው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ጭራሽ ቁልፉን ሣጥኑ ላይ ሰክቶ መሄድ ጀመረ። ልጅቷ ነቅላ ሱቁ ድረስ አመጣችለት። "አባዬ፣ ረስተኸው ነው" አለችው። የዚያን ቀን ሲቀርጽ ሁለት ቁልፍ አበላሸ።

እልኸኛ ነውና ሦስት ዓመት እንዲሁ ጠበቀ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው፤ ልጅቷ የሳሙና መጠቅለያ ማንበቧን ከተወች መቆየቷን እንኳ ልብ አላለም።

አንድ ቀን አስተማሪዋ አስጠራችው። "ልጅዎ ጨዋ ናት፤ ማንበብ ግን አትወድም። ቤት ውስጥ ያበረታቷት" አለችው። እየሮጠ ቤት ገባና መጻሕፍቱን ወለል ላይ ዘረገፋቸው። እኔም እዚያው ነበርኩ።

"ሁሉም ያንቺ ነው! ከዛሬ ጀምሮ ተፈቅዷል!" አላት። ላብ አጥምቆታል።

አንዱን አነሳች። ሁለት ገጽ ገለጠች፣ ሥዕሉን አየች፣ ዘጋችው።

"ደስ አላለሽም?"

"የሕፃን ነው፣ አባዬ። ድሮ በጣም ያምረኝ ነበር። ሣጥኑ ጋ ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር። ግን እንዳታዝንብኝ ብዬ አንድ ቀንም አልነካሁትም።"

"ለዕድሜሽ የሚሆን እገዛልሻለሁ..."

"ተወው። አሁን አያምረኝም።"

 ልጅቷ ፊቱን አይታ ደነገጠች፤ ያጠፋች መሰላት።

"ካዘዝከኝ ግን አነባለሁ" አለችው።

እሱም አዘዛት። ይኸው በየቀኑ አሥር ገጽ ታነባለች፤ አሥራ አንደኛውን ገልጣ አታውቅም።